ሙቀት ያስጠቀለለው ዲኤንኤ

በሀና ማርያም ሱቆች የሚሸጠው የገበታ ጨው፣ እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች በየግቢው ለወተት የሚረቡት ላሞች ጨጓራ፣ የነዋሪው የራሱ አንጀት፦ ሦስቱን የሚያገናኝ ነገር ያለ አይመስልም። የሚያገናኛቸው አርኬያ የሚባሉ ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው። ጨው ወዳዶቹ አርኬያ ከገበታ ጨው ውስጥ በሕይወት ሲገኙ በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል፤ ሚቴን የተባለውን ጋዝ የሚሠሩት ዘመዶቻቸው ደግሞ በላምም ጨጓራ በሰውም አንጀት ይኖራሉ። በመጠን ባክቴሪያን ያክላሉ፤ እንደ ባክቴሪያም ኒውክሊየስ የላቸውም። ብዙዎቹ ዲኤንኤያቸውን የሚይዙበት መንገድ ግን ከባክቴሪያ ይልቅ ወደ እኛ ያደላል። ይህ ቀስ በቀስ እንዴት እንደታወቀ በቅደም ተከተል የሚከታተል ሰው አንድ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ፤ ዲኤንኤ በፕሮቲን መጠቅለል የጀመረው ረጅሙን ሞለኪውል ጠባብ ቦታ ውስጥ ለመጠቅጠቅ ሳይሆን ሁለቱ ክሮቹ በሙቀት እንዳይላቀቁ ነው። ቦታ መቆጠቡም ጂን መቆጣጠሩም በዋናነት በኋላ የተጨመረ ሥራ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአርኬያ ሳይሆን ከዝይ ደም ነው። በ1884 ጀርመናዊው አልብረክት ኮሰል ከዝይ ቀይ የደም ሕዋሳት ኒውክሊየስ ውስጥ አንድ ፕሮቲን በአሲድ አሟሙቶ አወጣና ሂስቶን የሚል ስም ሰጠው። ኮሰል በ1910 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ሂስቶን ምን እንደሚሠራ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት በግልጽ አልታወቀም ነበር። ነገሩ የተገለጠው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1973 ሂዊሽና በርገይን የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ጉበት ኒውክሊየስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በኢንዛይም ሲቆረጥ እንደ ነገሩ እንደማይበጣጠስና ቁርጥራጮቹ ርዝመታቸው በእኩል መጠን እየጨመረ እንደሚሄድ አሳዩ። በ1974 ሮጀር ኮርንበርግ ምክንያቱን አስቀመጠ፤ ስምንት ሂስቶኖች አንድ ላይ ሆነው ዲኤንኤው ይዞራቸዋል፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ስምንት ይከተላል። ይህ አሃድ ኒውክሊዮሶም ተባለ። በ1997 ካሮሊን ሉገርና ባልደረቦቿ ቅርጹን እስከ አቶሞቹ አቀማመጥ ድረስ ሲያወጡት በእያንዳንዱ ላይ 146 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት ተጠምጥመው ተገኙ። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ሂስቶን የተፈጠረው ይህን ሁሉ በዓይን በማይታይ ኒውክሊየስ ውስጥ ለመክተት ነው የሚለው ማብራሪያ ወዲያው ተቀባይነት አገኘ። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬም የሚነበበው ይኸው ነው።

ይህን ማብራሪያ የሚያናጋው ማስረጃ ግን ኒውክሊዮሶም ስም ሳያገኝ በፊት መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ የተገኘውም ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። በ1970 ቶማስ ብሮክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተጣለ ክምር ውስጥ አንድ ፍጥረት አገኙ። ክምሩ ከውስጥ በራሱ የሚግል፣ ከእርሱ የሚወጣውም ውሃ እጅግ አሲዳማ ነው። ፍጥረቱ ቴርሞፕላዝማ አሲዶፊለም ተባለ። የሚመቸው ሙቀት 59 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ የሚመቸው አሲድነት ፒኤች 2 ገደማ ሲሆን፣ የሕዋስ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም። ያኔ እንደ አንድ እንግዳ ባክቴሪያ ተቆጠረ። በ1975 ዴኒስ ሰርሲ የዚህን ፍጥረት ዲኤንኤ መርምሮ ሂስቶን የሚመስል ትንሽ ፕሮቲን ተጣብቆበት እንዳገኘ አስታወቀ። ፕሮቲኑ ኤችቲኤ የሚል ምህጻር ተሰጠው። ሂስቶን ኒውክሊየስ ያላቸው ፍጥረታት ብቻ ንብረት ነው ተብሎ ይታመን በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ዜና አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ካርል ዉስና ጆርጅ ፎክስ የራይቦሶምን አርኤንኤ አነጻጽረው ባክቴሪያ ከሚባሉት መካከል አንድ ወገን ፈጽሞ ባክቴሪያ እንዳልሆነ አሳዩ። ይህ ወገን በኋላ አርኬያ የተባለው ነው፤ ቴርሞፕላዝማም ብዙም ሳይቆይ ከዚሁ ወገን ተመደበ። ሰርሲ በበኩሉ ምርምሩን ቀጠለና በ1978 ከአንድ ባልደረባው ጋር ኤችቲኤ ዲኤንኤውን በሙቀት ከመላቀቅ እንደሚጠብቀው አሳተመ። የዚህ ጽሑፍ ሙግት መነሻ እዚህ ጋ ነው። የዲኤንኤ ሁለት ክሮች የተያያዙት በደካማ የሃይድሮጅን ትስስር ስለሆነ፣ ሲግሉ ከአንድ ነጥብ ጀምሮ ይለያያሉ። ፕሮቲኑ ሲጨመር የመለያያው ነጥብ ከፍ ይላል። ሰርሲ በዘመኑ ከተጻፉት የሚበልጥ ነገር ተናግሮ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሌሎች ስለ ቦታ መቆጠብ ሲያወሩ እርሱ ስለ ሙቀት አወራ። ይሁንና በ1981 የኤችቲኤ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ሲነበብ ፕሮቲኑ የእኛ ሂስቶን ዘመድ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የባክቴሪያዎቹ ኤችዩ የተባለ ፕሮቲን ወገን እንደሆነ ተገለጠ። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ነገሩን ተዉት። ዘመዳዊ ግንኙነት ከሌለ ምን ይጠቅመናል የሚል ስሜት ነበር። ነገር ግን ሁለት ዝምድና የሌላቸው ፕሮቲኖች በአንድ ዓይነት ችግር ፊት አንድ ዓይነት ሥራ ሲይዙ፣ ሥራውን የፈጠረው ችግሩ ራሱ ነው ብሎ ለመጠርጠር ከዝምድና የበለጠ ምክንያት ይሆናል።

በዚያው 1981 የጀርመኑ ካርል ሽቴተር ቡድን በአይስላንድ ፍልውሃ ውስጥ ሜታኖቴርመስ ፈርቪደስ የተባለ ሚቴን ሠሪ አርኬያ ማግኘቱን አስታወቀ። ይህ ፍጥረት በ83 ዲግሪ ሙቀት ደኅና ይራባል፤ ከዚያም በላይ ይችላል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ካትሊን ሳንድማንና ጆን ሪቭ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከዚሁ ፍጥረት ኤችኤምኤፍ የተባለ ፕሮቲን ነጠሉ። የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉ ሲነበብ ጥርጥር የማያስገባ የሂስቶን ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ርዝመቱ ወደ 70 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ በእኛ ሂስቶኖች ላይ ወደ ውጭ የሚንጠለጠለው፣ ኬሚካላዊ ምልክት የሚደረግበት ጅራት የለውም። ዲኤንኤውን የሚይዘው መሃለኛ አካል ግን አንድ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይም ዲኤንኤውን ጠምጥሞ ያሳጥረዋል። የኮሰል የዝይ ፕሮቲን አያቱ ኒውክሊየስ ከሌላቸው፣ በፈላ ውሃ ጠርዝ ከሚኖሩ ፍጥረታት ዘንድ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ግኝት ወደ ላሞቹ ይመልሰናል። በከብት ጨጓራ ውስጥ ሚቴን የሚሠሩት ዋነኞቹ አርኬያ፣ ሜታኖብሬቪባክተር የተባሉት፣ የሜታኖቴርመስ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ይገኛሉ፤ የሂስቶን ጂንም አላቸው። ላሟ ስታመሰኳ ሌሎች ደቂቅ ፍጥረታት ድርቆሹን አብላልተው ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፣ እነዚህ ሁለቱን አጣምረው ሚቴን ይሠራሉ፣ ላሟም በግሳት ታወጣዋለች። እበቱ በባዮጋዝ ጉድጓድ ሲከማች ምድጃ የሚያነደውን ጋዝ የሚሠሩትም የዚሁ ወገን ናቸው። በላሟ ጨጓራ ያሉት የሚኖሩት 39 ዲግሪ አካባቢ እንጂ 83 አይደለም። እንግዲህ ሂስቶን ለሙቀት ነው ካልን እነዚህ ለምን ያዙት? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን በ2022 የመጣው ማስረጃ ስለሚያጠናክረው እስከዚያ ይቆይ።

ከዚያ በፊት የቦታ ነገር መቋጨት አለበት፤ ለዚህም ሒሳብ ብቻ ይበቃል። የሜታኖቴርመስ ፈርቪደስ ጂኖም 1.24 ሚሊዮን ጥንድ ፊደል ገደማ ነው። ቢዘረጋ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ 4.6 ሚሊዮን ጥንድ አለው፤ ቢዘረጋ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል፤ ሂስቶን ግን የለውም። አራት እጥፍ የሚጠጋ ዲኤንኤ የያዘው ያለ ሂስቶን እየኖረ፣ ትንሿን የያዘው ሂስቶን ካስፈለገው፣ ምክንያቱ ቦታ ሊሆን አይችልም። ባክቴሪያው ክሩን እያዞረና እያጠማዘዘ፣ በሌሎች ፕሮቲኖች እያጎበጠ ያሳጥረዋል፤ ሕዋሱ ራሱ በሞለኪውሎች የተጨናነቀ መሆኑም ዲኤንኤውን ይገፋዋል። የአይስላንዱ ፍጥረት ግን ሌላ ችግር ነበረበት። ከጂኖሙ ፊደላት ጂ እና ሲ የተባሉት፣ በሦስት ትስስር ጠንክረው የሚያያዙት፣ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛ በሁለት ትስስር ብቻ የተያያዘ፣ በቀላሉ የሚላቀቅ ነው። በ83 ዲግሪ የሚኖር ፍጥረት እንዲህ ያለ ጂኖም ይዞ መገኘቱ ሌላ የሚይዘው ነገር እንዳለ ይናገራል።

ለዚህ ከባድ ተቃውሞ ቀርቧል፤ ሳይመልሱ ማለፍ አይገባም። በ1994 ኤቭሊን ማርጌና ፓትሪክ ፎርቴር ዲኤንኤ ጫፍ የሌለው ቀለበት ሆኖ ከተዘጋ ከ100 ዲግሪ በላይ እንኳ ክሮቹ እንደማይለያዩ አሳይተዋል። የአርኬያ ጂኖም ደግሞ ቀለበት ነው። በዚያ ላይ ሜታኖቴርመስ በውስጡ ብዙ የፖታሲየም ጨው ያከማቻል፤ ጨው ደግሞ ክሮቹን ያጠናክራል። ታዲያ ሂስቶን ምን ያደርጋል? መልሱ በሕይወት ያለ ዲኤንኤ ፈጽሞ ዝግ ሆኖ አያውቅም የሚለው ነው። ጂን በተነበበ ቁጥር ክሩ ይከፈታል፤ ሕዋሱ በተባዛ ቁጥር ሙሉው ርዝመት ይከፈታል። በሙቅ ውስጥ አደጋው ሁለቱ ክሮች ጨርሰው መለያየታቸው ሳይሆን፣ አንድ ቦታ ሲከፈት መክፈቻው ከሚፈለገው በላይ መስፋቱ፣ ባልተፈለገ ቦታም መከፈቱ ነው። ሂስቶን የሚከለክለው ይህን ነው ብሎ መውሰድ የማርጌንና የፎርቴርን ውጤት አይቃወምም፤ ጥያቄውን ከላቦራቶሪ ቱቦ ወደ ሕያው ሕዋስ ያሸጋግረዋል እንጂ።

በ1997 ሪቭና ባልደረቦቹ በአርኬያ ውስጥ አራት ሂስቶኖች ተጣምረው 60 ጥንድ ፊደል ያህል እንደሚይዙ አሳዩ። ከእኛ ስምንት ሂስቶን ግማሹ ነው፤ አነስ ያለ ኒውክሊዮሶም ተብሎ ተወሰደ። በ2002 ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ ፕሮቲን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ሰልፎሎበስ የተባሉት አርኬያ ወደ 80 ዲግሪ በሚጠጋ አሲዳማ ፍልውሃ ይኖራሉ፣ ሂስቶን ግን የላቸውም። እስጢፈን ቤልና ባልደረቦቹ የእነዚህን አልባ የተባለ ዲኤንኤ ያዥ ፕሮቲን ሲመረምሩ፣ አሴቲል የተባለው ኬሚካላዊ ቡድን ሲለጠፍበት ዲኤንኤውን የሚይዝበት ኃይል እንደሚቀንስ፣ ሰር2 የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ያንን እንደሚያነሳ በላቦራቶሪ አሳዩ። የእኛ ሂስቶኖች የሚላሉትና የሚጠብቁት በተመሳሳይ መንገድ ስለሆነ ሰዉ የተደነቀው በዚህ ነበር። እኔ የበለጠ የሚከብደኝ ግን ሌላው ነጥብ ነው። ሂስቶን የሌላቸው ሙቅ ወዳዶች መኖራቸው የሙቀትን ሙግት ያፈርሳል የሚል ሰው ሲያጋጥም፣ ሰልፎሎበስ ባዶ እጁን እንዳልሆነ መታየት አለበት፤ አልባ አለው፣ ሱል7 የተባለ ሌላም ትንሽ ፕሮቲን አለው፣ ሁለቱም በብዛት። ሠራተኛው ተቀየረ እንጂ ሥራው አልቀረም። ቴርሞፕላዝማ ከባክቴሪያ ወገን የሆነ ፕሮቲን ይዞ የሠራውን ሰልፎሎበስ በራሱ መንገድ ሠራው።

2012 እና 2013 የማስረጃው ዓይነት የተቀየረባቸው ዓመታት ናቸው፤ አንድ ፕሮቲን በቱቦ ከመመርመር ጠቅላላውን ጂኖም በአንድ ጊዜ ወደ ማንበብ ተሸጋገረ። በጃፓን ከሙቅ ምንጭ የተገኘው ቴርሞኮከስ ኮዳካረንሲስ ላይ የተሠራውን ጠጋ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፣ ክሮማቲኑ፣ ማለትም ዲኤንኤው ከያዡ ፕሮቲን ጋር፣ ይወጣል፣ ማይክሮኮካል ኑክሊየስ የተባለ ኢንዛይም ይጨመራል። ኢንዛይሙ ያገኘውን ባዶ ዲኤንኤ ሁሉ ይበላል፤ በፕሮቲን የተሸፈነውን ግን መድረስ አይችልም። ከዚያ የተረፈው ተጠርጎ በጄል ላይ ይጫናል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፣ አጭሩ ቶሎ ይሮጣል፣ ረጅሙ ከኋላ ይቀራል። የሰው ዲኤንኤ ቢሆን ኖሮ የሚታዩት መስመሮች በየ200 ጥንድ ገደማ ይራራቁ ነበር። እዚህ ግን መስመሮቹ 60፣ 90፣ 120፣ 150 እያሉ ይወጣሉ፤ ሁልጊዜ በ30 ጥንድ ልዩነት። ሰላሳ ጥንድ ሁለት ሂስቶኖች የሚይዙት ርዝመት ነው። ስለዚህ ቋሚ ቁጥር የለም፤ ጥቅሉ ሁለት ሁለት ሂስቶን እየተጨመረበት እስከፈለገ ይረዝማል። የ1997ቱ ባለ አራት ኒውክሊዮሶም የረጅም ነገር አጭሩ ክፍል ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን የጨው ወዳዶች ጉዳይ ተነሳ፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ በጣም የሚቀርበው ክፍል ይህ ነው። በ2012 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ከሙት ባሕር የተገኘውን ሃሎፈራክስ ቮልካኒ አርኬያ መርምረው ኒውክሊዮሶም የሚመስሉ አሃዶች በጂኖሙ ላይ እንዳሉት፣ በጂኖች መነሻ ላይም ክፍት ቦታ እንደሚተዉ አሳተሙ። በ2013 ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማረ ገሠሠና አዲስ ስማቸው ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የስምጥ ሸለቆ ሶዳ ሐይቆችን፣ አብያታን፣ ሻላን፣ ጭቱን፣ በሰቃንና የቢሾፍቱ አካባቢውን አረንጓዴ ሐይቅ፣ በጂን ንባብ መርምረው በውስጣቸው የሚኖሩት ደቂቃን ከተጠበቀው በላይ ብዙ ዓይነት እንደሆኑ አስታወቁ። ከእነዚህ መካከል አርኬያም አሉ። ያ ጥናት ስለ ሂስቶን አይናገርም፤ ግን ጥያቄው ሊመረመርባቸው የሚችሉ ፍጥረታት ከሀና ማርያም ጥቂት ሰዓታት በሚያስኬድ መንገድ ላይ እንደሚገኙ ያሳያል።

በ2015 ኤሚ ሽሚድና ባልደረቦቿ በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሃሎባክቴሪየም ሳሊናረም የተባለውን ጨው ወዳድ አርኬያ ሂስቶን ጂን ከጂኖሙ አወጡት። ፍጥረቱ አልሞተም። ይልቁንም የተወሰኑ ጂኖች አነባበብና የሕዋሱ ቅርጽ ተለወጠ። ፕሮቲኑ በሕዋሱ ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሆነ ጂኖሙን ሊሸፍን አይችልም፤ እንደ ጂን ተቆጣጣሪ እንጂ እንደ ጠቅላይ አይሠራም ሲሉ ደመደሙ። በ2021 ደግሞ ጨው ሲቀንስ ለሚያስፈልጉ ጂኖች ሚና እንዳለው አሳዩ። ይህ ውጤት በ2012ቱ ላይ ጥላ አጠላበት፤ ሂስቶኑ ጥቂት ከሆነ በጂኖሙ ሙሉ የታየው ጥለት የማን ነው የሚል ጥያቄ ስለሚያስነሳ። ለሙቀት ሙግት ደግሞ መጀመሪያ ሲታይ ጠላት ይመስላል። በደንብ ሲታሰብ ግን ወዳጅ ነው። ጨው ወዳድ አርኬያ ከውጭ ያለውን ጨው የሚቋቋሙት ውስጣቸውን በፖታሲየም ክሎራይድ ሞልተው ነው። እንዲህ ያለው ጨው የዲኤንኤን ክሮች ራሱ አጥብቆ ይይዛል፤ የሚኖሩትም በአብዛኛው በመካከለኛ ሙቀት ነው። ክሮቹን የሚይዝ ሌላ ነገር ካለ፣ ሂስቶን ከመያዝ ሥራው ነጻ ሆኖ ወደ መቆጣጠር ሊዞር ይችላል። የሆነውም ይኸው ይመስለኛል።

በ2017 ፍራንቸስካ ማቲሮሊ፣ ሉገርና ባልደረቦቻቸው የሜታኖቴርመስን ሂስቶን ከዲኤንኤ ጋር በክሪስታል ቀርጸው አዩት። ዲኤንኤው በእያንዳንዱ ሂስቶን ላይ የሚታጠፍበት አቅጣጫ ከሰው ኒውክሊዮሶም ጋር አንድ ነው። ሆኖም እንደ እኛ በስምንት ላይ አይቆምም፤ ፈታይ እንዝርቷ ላይ ፈትል እንደምትጨምር ያለማቋረጥ ይቀጥላል። ቴርሞኮከስ ውስጥ ይህን መቀጠል የሚያሰናክል ለውጥ በሂስቶኑ ላይ ሲደረግ የፍጥረቱ እድገት ቀነሰ፣ የጂኖቹ ቁጥጥርም ተዛባ። የ2013ቱ የ30 ጥንድ መስመሮች ትርጉማቸው በዚህ ተረጋገጠ።

2019 ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የመጣበት ዓመት ነው። በለንደን የቶቢያስ ዋርነኬ ቡድን የሜታኖቴርመስን ሂስቶኖች በኢ. ኮላይ ውስጥ ሲያስሠራ፣ ባክቴሪያው ዲኤንኤው በባዕድ ሂስቶን እየተጠቀለለ በሕይወት ቀጠለ፤ የጂኖቹ አነባበብም የተጠበቀውን ያህል አልተናጋም። ያው ቡድን የሰርሲን የድሮ ኤችቲኤ በአዲስ ዘዴ ፈትሾ፣ ከባክቴሪያ የተወረሰ ፕሮቲን ቢሆንም በጂኖሙ ላይ የሚቀመጠው የአርኬያ ሂስቶን በሚቀመጥበት ሁኔታ መሆኑን አሳየ። ሰርሲ ከአርባ አራት ዓመት በኋላ ተከበረ። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የቤል ቡድን ሂስቶን የሌለው ሰልፎሎበስ ጂኖሙን በሁለት ክፍል ለይቶ፣ በብዛት የሚነበበውን ከማይነበበው አራርቆ እንደሚይዝ፣ ይህንም ኮአሌሲን በተባለ ፕሮቲን እንደሚያደርግ አሳተመ።

በዚሁ ዓመት ዳሎል በዓለም ሳይንስ መጽሔቶች ተነሳ። ዳሎል በአፋር ክልል ከባሕር ወለል በታች የሚገኝ፣ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚፈላ ውሃ የሚወጣበት፣ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች የሞሉበት ቦታ ነው፤ አጠገቡ የአሞሌ ጨው ለዘመናት ሲቆረጥበት የኖረው ሜዳና የአሳሌ ሐይቅ ይገኛሉ። በግንቦት ወር አካባቢ የፌሊፔ ጎሜዝ ቡድን ከዳሎል የማዕድን ክምችት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት አገኘሁ አለ። በጥቅምት ደግሞ ጆዲ ቤሊላ፣ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያና ባልደረቦቻቸው በፈረንሳይ ሌላ ውጤት አወጡ፤ በጨው ሜዳው ጉድጓዶችና በአሳሌ ሐይቅ ውስጥ እጅግ ብዙ ዓይነት አርኬያ አለ፣ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት የዳሎል ኩሬዎችና በማግኒዚየም በተሞሉት ቢጫና ጥቁር ሐይቆች ግን ሕይወት የለም፣ ሕዋስ የሚመስሉት ቅንጣቶችም የማዕድን ቅርጾች ናቸው። ለእኔ ሁለተኛው ጥናት የበለጠ ያሳምነኛል፤ ሕይወት የሌለበትን ቦታ ሕይወት ካለበት አጎራባች ቦታ ጋር በአንድ ዘዴ አነጻጽሯልና። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመውም ድንበሩ ነው። ቴርሞፕላዝማ አሲድን ይችላል፣ ሃሎፈራክስ ጨውን ይችላል፣ ሰልፎሎበስ ሙቀትን ከአሲድ ጋር ይችላል። ሦስቱ በአንድ ላይ ከጽንፍ ሲደርሱ ግን የሚችል አልተገኘም። ዲኤንኤን በፕሮቲን መጠቅለል ሙቀትን የሚያሸንፈው የሕዋሱ ውስጥ ከውጭው ተጠብቆ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው፤ ማግኒዚየም የበዛበት ጨው ፕሮቲኖችንና ሽፋኑን ራሳቸውን ሲያፈርስ ጥቅሉ የሚከላከልለት ነገር አይኖርም።

በ2022 የዋርነኬ ቡድን ከአንቷን ሆቸር ጋር ለሙግቱ በጣም የሚጠቅመውን ማስረጃ አመጣ። 19 የአርኬያ ዓይነቶችን ወስደው ከጠቅላላ ፕሮቲናቸው ምን ያህሉ ዲኤንኤ ለመያዝ እንደሚውል መዘኑ። ከ0.03 በመቶ በታች የሆኑ አሉ፤ ከ5 በመቶ በላይ የሆኑም አሉ። ልዩነቱን የሚተነብየው የሚያድጉበት ሙቀት ሆነ፤ በሙቅ የሚኖሩት ብዙ ያወጣሉ፣ በቀዝቃዛ የሚኖሩት ጥቂት። ፕሮቲኑ ሂስቶን ይሁን አልባ ይሁን ሌላ፣ አዝማሚያው አንድ ነው። ስለ ላሞቹ አርኬያ የተነሳው ጥያቄም እዚህ ይመለሳል፤ የሂስቶን ጂን መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ሂስቶንን ጂኖሙን እስኪሸፍን ድረስ በገፍ መሥራት ሌላ ነው። ከሙቅ ቦታ የወረደ ዘር ጂኑን ለሌላ ሥራ ሊያቆየው ይችላል። እርግጥ ነው፣ ሁለት ነገር አብሮ መጨመሩ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ 19 ዓይነትም ለአርኬያ ስፋት ትንሽ ነው። ሆኖም ይህ ዝምድና ብቻውን አልቆመም፤ የሰርሲ የ1978 መለኪያ አለ፣ የሜታኖቴርመስ ደካማ ጂኖም አለ፣ የሃሎባክቴሪየም ጥቂት ሂስቶን አለ፣ ዝምድና የሌላቸው ፕሮቲኖች በየሙቁ ቦታ መገኘታቸው አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያብራራ ሌላ ምክንያት እስካሁን አልቀረበም። እኛ ኒውክሊየስ ያለን ፍጥረታት ከአርኬያ ጋር ሂስቶንን የምንጋራ ከሆነ፣ በቀዝቃዛ ሕዋሳችን ውስጥ ጅራት ያበጀንለት፣ ምልክት የምንለጥፍበት ፕሮቲን መጀመሪያ ለሌላ ዓለም የተሠራ ነበር ማለት ነው። የአስጋርድ ወገን የሆኑ፣ ከእኛ ጋር በጣም የሚቀራረቡ አንዳንድ አርኬያም ጅራት ያለው ሂስቶን እንዳላቸው በ2018 መታወቁ ሽግግሩ ቀስ በቀስ እንደሆነ ያመለክታል።

የቅርብ ጊዜው ተቃውሞ በ2023 የመጣው ነው። ዴሎቪብሪዮ የተባለ፣ ሌሎች ባክቴሪያዎችን እያደነ የሚበላ ባክቴሪያ ሂስቶን በብዛት እንዳለው፣ ሂስቶኑም በላቦራቶሪ ዲኤንኤውን ሳይጠመጥም ጎን ለጎን ተሰልፎ እንደሚሸፍነው ተገኘ። ይህ ፍጥረት ሙቅ ወዳድ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የሚገኝ ሂስቶን ሁሉ የሙቀት ልጅ ነው ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። የምለው ጥቅሉ በአርኬያ ዘንድ የተስፋፋበት ምክንያት ሙቀት ነው፣ ከእርሱም የእኛ ወጣ ነው። ይህን በይበልጥ ለመፈተን የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት ዘር ሆነው በተለያየ ሙቀትና በተለያየ ጨው የሚኖሩ አርኬያ ናቸው። አሳሌ ሐይቅና አብያታ፣ ጭቱና የዳሎል ጨው ሜዳ ጉድጓዶች ይህን ይሰጣሉ፤ በአንድ አገር ውስጥ፣ በመኪና በሚደረስባቸው ርቀቶች። ከእያንዳንዱ የተወሰደ ናሙና ውስጥ ዲኤንኤ የሚይዙ ፕሮቲኖች ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆኑ መመዘን፣ ያንንም ከውሃው ሙቀትና ከሕዋሱ ውስጣዊ ጨው ጋር ማነጻጸር አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ሊታቀድ የሚችል ሥራ ነው። ሙግቱ ልክ ከሆነ በውስጣቸው ብዙ ጨው የሚይዙት ሙቀቱ ቢጨምር እንኳ ጥቂት ሂስቶን፣ በውስጣቸው ጨው የማያከማቹት ሙቅ ወዳዶች ደግሞ ብዙ ያዥ ፕሮቲን ይዘው መገኘት አለባቸው።